የቴርሞስታት ታሪክና የተሳቢ እንስሳት አያያዝ፤ ከማጂ ተራሮች እስከ ኦሞ ሜዳ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከማጂ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ የአየር ጠባዮች ያጋጥሙታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚያልፈው የማጂ ደጋ ጭጋግና ዝናብ የሚያዘወትሩት፣ ሌሊቱም ብርድ የሆነ አገር ነው፤ ወደ 500 ሜትር ዝቅ የሚለው የኦሞ ዳር ሜዳ ግን በቀትር ሐሩሩ የሚያቃጥል ነው። የምድር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት መኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ቡና የሚለማባቸው የሚዛን ተፈሪ፣ የበበቃና የቴፒ ምድሮች ደግሞ በመካከለኛው ከፍታ ላይ ይገኛሉ።

ሰው ይህን ልዩነት በልብስና በቤት ይቋቋመዋል። እባብ፣ እንሽላሊት፣ ኤሊና አዞ ግን ከሚመገቡት ምግብ በቂ ሙቀት ስለማያመነጩ፣ የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከፀሐይ፣ ከድንጋይ፣ ከአፈርና ከውሃ ነው። ሲቀዘቅዛቸው ወደ ፀሐይ ይወጣሉ፤ ሲሞቃቸው ወደ ጥላ ወይም ወደ ጉድጓድ ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ተሳቢ እንስሳ ከአገሩ ተወስዶ በሣጥን ውስጥ በሚቀመጥበት ጊዜ የተነፈገው ነጻነቱ ብቻ አይደለም፤ ፀሐዩም፣ ጥላውም፣ ጉድጓዱም አብረው ቀርተውበታል። ይህን ሁሉ እንዲተካ ኃላፊነት የተሰጠው ቴርሞስታት በመባል የሚታወቀው ትንሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ከየት መጣ? በማንና ለምን ዓላማ ተሠራ? በተሳቢዎች አያያዝ ላይስ ምን ለውጥ አመጣ? ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ከመነሻቸው መመርመር ዛሬ መሣሪያውን ለመምረጥና በትክክል ለማስተካከል ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ሙቀትን በአንድ ልክ የመጠበቅ ጥበብ የተወለደው ከዶሮ ዕንቁላል ጋር ነው። የጥንት ግብፃውያን በሺህ የሚቆጠሩ ዕንቁላሎችን በጭቃ በተሠሩ ምድጃዎች ይፈለፍሉ ነበር። ቴርሞሜትር ባልነበረበት በዚያ ዘመን ባለሙያው ሙቀቱን የሚያውቀው በገላው ቆዳ ነበር፤ እሳቱን የሚያበረታውም የሚያዳክመውም ራሱ ነበር። ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ምስጢር ስለ ነበር፣ ባለሙያው በሌለበት ምድጃውም ከንቱ ነበር።

ሰው በሌለበት እሳቱ ራሱን እንዲቆጣጠር ለማድረግ ከሞከሩት ቀደምት ጠበብት አንዱ የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ኮርኔሊስ ድሬበል ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ተጠግቶ ሲሠራ የነበረው ይህ ሰው፣ አልኮልና ሜርኩሪ የተሞላበት ዕቃ በምድጃው ውስጥ አኖረ። ምድጃው ሲግል አልኮሉ እየሰፋ ሜርኩሪውን ይገፋል፤ ሜርኩሪውም የአየር መግቢያውን ክዳን ይዘጋል፤ እሳቱም ይዳከማል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል። በዛሬዎቹ ቴርሞስታቶች ሁሉ ውስጥ የሚገኘው መሠረታዊ ሐሳብ በዚህ ምድጃ ውስጥ ነበር፤ ይኸውም ሙቀቱ ራሱ የሙቀቱን ምንጭ እንዲያዝዝ ማድረግ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው እርምጃ ከሰዓት ሠሪ የተገኘ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን በባሕር ላይ የሚያገለግል ሰዓት ሲሠራ፣ የሙቀት መለዋወጥ ሰዓቱን እንዳያሳስተው በ1750ዎቹ ሁለት ዓይነት ብረት አጣብቆ አንድ ስንጥር አበጀ። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል ስለማይሰፉ ስንጥሩ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይቃናል። በዚሁ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ፈረንሳዊው ቦንማን በሙቅ ውሃ ለሚሠራ የጫጩት መፈልፈያ፣ የሁለት ብረቶችን እኩል አለመስፋፋት በመጠቀም የምድጃውን አየር የሚቆጣጠር መሣሪያ ሠራ። በ1830 ደግሞ የስኮትላንዱ ኬሚስት አንድሩ ዩር ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ታስቦ ለተዘጋጀ የጥንድ ብረት መሣሪያ የባለቤትነት ፈቃድ ሲያወጣ፣ ሙቀትን የሚያቆም ማለትም በአንድ ልክ የሚያጸና የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት «ቴርሞስታት» የሚለውን ስም ሰጠው።

ኤሌክትሪክ ወደዚህ ሥራ የገባው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት መምህር የነበረው ዋረን ጆንሰን፣ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ የየክፍሉን ሙቀት ለማየት ሰዓት ጠብቆ እየገባ ትምህርት ማቋረጡ ስላስቸገረው፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ልኩን ሲለቅ በምድር ቤት ያለውን ደወል የሚደውል የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት በ1883 አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ደወሉ ቀርቶ መሣሪያው ራሱ ማሞቂያውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። መሣሪያው የተፈለሰፈው ለጫጩት፣ ለፋብሪካና ለመማሪያ ክፍል ነው። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ቁጥር መራቅ ለሁሉም ጉዳት ነው። ተሳቢ እንስሳ ግን የሚፈልገው አንድ ቁጥር አይደለም። ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ ብዙ እንስሳትም በዚሁ ምክንያት ጠፍተዋል።

ከብርድ ልብስ ወደ ኤሌክትሪክ

በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተከፈተው የተሳቢዎች ቤት በ1849 በለንደን የእንስሳት ማሳያ ውስጥ የተመሠረተው ነው። በዚያ ዘመን የነበረው አሳብ እባብ የሞቃት አገር እንስሳ ስለ ሆነ ባሞቁት ቁጥር ይስማማዋል የሚል ነበር። ስለዚህ ቤቱ በምድጃ ይሞቃል፤ ለእባቦቹም ብርድ ልብስ ይሰጣል። በ1851 አንድ ትልቅ እባብ የተኛበትን ብርድ ልብስ ውጦ ከሳምንታት በኋላ መልሶ ተፋው። ነገሩ በጊዜው ሰዎችን አስቋል፤ ቁም ነገሩ ግን ብርድ ልብስ የራሱን ሙቀት ለማያመነጭ እንስሳ ሙቀት ሊሰጠው እንደማይችል ገና በሚገባ አለመታወቁ ነው።

ይህን አያያዝ ከመሠረቱ የለወጠችው ጆአን ፕሮክተር ናት። በ1897 ተወልዳ በ1931 በ34 ዓመቷ ያረፈችው ይህች የተሳቢዎች ሊቅ ንድፉን ያወጣችለት አዲሱ የለንደን የተሳቢዎች ቤት በ1927 ተከፈተ። በቤቱ ውስጥ ሁሉም ሣጥኖች በአንድ ልክ አልሞቁም፤ የየእንስሳው ማኖሪያ በኤሌክትሪክ ለየብቻው እንዲሞቅ ተደረገ። የፀሐይን ጠቃሚ ጨረር የሚያሳልፍ ልዩ መስታወትም ገባ። ቤቱን ሁሉ በአንድ ሙቀት ከመያዝ ይልቅ ለእያንዳንዱ እንስሳ የሚስማማውን ሙቀት መስጠት የሚለው ሐሳብ በዚህ ሥራ ሥር ሰደደ።

ሳይንሳዊውን መሠረት የጣሉት ግን ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ሬይመንድ ካውልስና ቻርልስ ቦገርት በካሊፎርኒያ በረሃ የሚገኙ እባቦችንና እንሽላሊቶችን አጥንተው በ1944 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተሳቢዎች አየሩ እንደ ሞቀና እንደ ቀዘቀዘ ዝም ብለው የሚቀበሉ እንስሳት አለመሆናቸውን አስረዱ። እያንዳንዱ ዝርያ የሚመርጠው የሙቀት ልክ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሰ በዚያ ልክ አካባቢ ይቆያል። ከሚመርጠው ልክ ጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ከፍ ሲል ደግሞ ለሞት ይቀርባል። ብርድ ተሳቢን ቀስ በቀስ ያደክማል፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ለማኖሪያ ሣጥን ማሞቂያ ለሚመርጥ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር የለም።

እንስሳው ራሱ ሙቀቱን ሲገዛ

ተሳቢ ለሙቀቱ የውጭ ጥገኛ ቢሆንም ሙቀቱን የመግዛት ችሎታው ግን እጅግ ከፍተኛ ነው። በ1841 በፓሪስ የእንስሳት ማሳያ አንዲት ዘንዶ ዕንቁላሎቿን ጠምጥማ ስትታቀፍ ሙቀቷን የለካው ቫለንሲየን፣ ከአካባቢዋ አየር በላይ ሞቃት መሆኗን ገለጸ። ብዙዎች ይህን ተጠራጠሩ። በ1966 በኒው ዮርክ ሌላ የሕንድ ዘንዶ በጥንቃቄ ሲጠና ግን ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። ዘንዶዋ ጡንቻዎቿን እያንዘፈዘፈች ሙቀት ታመነጭ ነበር፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር መንዘፍዘፏም ይበረታ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ዕንቁላል ለማሞቅ ሰው ከድሬበል ጀምሮ የደከመበትን ሥራ ዘንዶዋ በሰውነቷ ታከናውነው ነበር።

በ1975 ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በተለይ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚመለከት ነው። የበረሃ እንሽላሊቶች በባክቴሪያ ከተበከሉ በኋላ ከ34 እስከ 42 ዲግሪ ባሉ የተለያዩ ሙቀቶች እንዲቆዩ ተደረገ። ቀዝቀዝ ባለው የቆዩት አብዛኞቹ ሲሞቱ ሞቅ ባለው የቆዩት በብዛት ከበሽታው ተረፉ። መንቀሳቀሻ ቦታ በተሰጣቸው ጊዜም የታመሙት እንሽላሊቶች ከጤነኞቹ ይልቅ ሞቃቱን ጥግ ይመርጡ እንደ ነበር ቀደም ሲል ታይቶ ነበር። በሰው ላይ ትኩሳት የሚባለውን እነርሱ ተንቀሳቅሰው ያመጡታል ማለት ነው። በአንድ ወጥ ሙቀት የተያዘ የታመመ እንስሳ ይህን መከላከያ ይነፈጋል። ስለዚህ ሣጥኑ በሙሉ እኩል ከሞቀ፣ ቴርሞስታቱ ምንም ያህል በትክክል ቢሠራ፣ አያያዙ ስሕተት ነው።

የደቡብ ምዕራቡ ደጋ እፉኝት

ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ አንድ ያልተነቀለ አስተሳሰብ ቀርቶ ነበር፤ ይኸውም ከአፍሪካ የመጣ እባብ ሁሉ ሐሩር ይፈልጋል የሚለው ነው። ይህን አሳብ የሚያፈርስ ምስክር የተገኘው ከኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መባቻ ብዙ የውጭ ተመራማሪዎች በዚህ አገር አልፈዋል። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከ1895 ጀምሮ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ተጉዟል፤ ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማንም በ1901 ከካፋና ከጊሚራ ምድር አልፎ ወደ ሱዳን ሲወርድ ብዙ እንስሳት ሰብስቧል። ሆኖም በቡናው ደን ውስጥ የሚኖረው ትልቅ እፉኝት ሳይንሳዊ ስም ሳያገኝ ቆየ። በመጨረሻ በ1977 በቦን ከተማ የሚገኘው የኮኒግ ሙዚየም ባልደረባ ቮልፍጋንግ ቦሜ፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተገኘውን ናሙና መርምሮ «ቢቲስ ፓርቪዮኩላ» ብሎ ሰየመው። ትርጉሙም ትንንሽ ዓይን ያለው ማለት ነው። እፉኝቱ ከኢትዮጵያ ውጪ አይገኝም። የሚኖረውም በደጋ ደን፣ በደን ውስጥ በሚገኙ ገላጣ ቦታዎችና በቡና ተክል ሥር ነው፤ ከ1,700 እስከ 2,800 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ እንደሚገኝም ተመዝግቧል። በ2016 ደግሞ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ እፉኝት ከባሌ ሐረና ደን ለሳይንስ ዓለም ተዋውቋል።

ይህ እፉኝት የሚመደብበት ወገን በሞቃት የሣር ሜዳና በቆላ ደን የሚኖሩ የታወቁ ትልልቅ የአፍሪካ እፉኝቶችን ያጠቃልላል። ሰው ይህን ዝምድና ብቻ ተመልክቶ ቴርሞስታቱን እንደ ዘመዶቹ በ30 ዲግሪ ቢያስተካክለው ምን ይከተላል? መልሱን ከአገሩ አየር ማስላት ይቻላል። በ1,200 ሜትር ከፍታ ገደማ በምትገኘው ቴፒ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 30 ዲግሪ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ ወደ 16 ዲግሪ ነው። በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ይቀነስ ቢባል፣ እፉኝቱ በሚኖርበት በ2,200 ሜትር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ24 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱም ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። በደን ጥላ ሥር ደግሞ የቀኑ ሙቀት ከዚህም ይለዝባል። እንግዲህ ለቆላ እፉኝት መካከለኛ የሆነው 30 ዲግሪ ለዚህ እፉኝት በአገሩ ጥላ ሥር የማያገኘው ሐሩር ነው፤ ከዚያ የሚሸሽበት ቀዝቃዛ ጥግ የሌለው ከሆነ ሣጥኑ መቃብሩ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቴርሞስታት የሚስተካከለው በእንስሳው ስም ወይም በዘመዶቹ ልማድ ሳይሆን በተወለደበት ከፍታ ነው። በጥላ ሥር ከሚኖር የደን እፉኝት ይልቅ በቆላ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት እጅግ የላቀ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሁለቱም ግን ከአንድ ወረዳ፣ ከማጂ ተራራና ከሥሩ ካለው ሜዳ፣ የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ።

አዞና የዕንቁላሉ ሙቀት

የሙቀት ልክ ከሕይወትና ከሞት አልፎ የጾታ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያስታወቀው ግኝት ከአፍሪካ ምድር የተገኘ ነው። በ1966 ማዴሌን ሻርኒዬ በዳካር የእንሽላሊት ዕንቁላሎችን ስታጠና፣ የሚፈለፈሉት ወንድ ወይም ሴት መሆናቸው በዕንቁላሉ ሙቀት እንደሚለያይ አስተዋለች። ኋላ ይህ ነገር በብዙ ኤሊዎችና በአዞዎች ሁሉ የሚታይ መሆኑ ተረጋገጠ። በናይል አዞ፣ ዕንቁላሉ ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲቆይ የሚፈለፈሉት በአመዛኙ ሴቶች ናቸው፤ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሲሆን ወንዶች ይበዛሉ። ከ28 በታችና ከ35 በላይ ሲሆን ብዙ ዕንቁላል ይበላሻል፤ የሚፈለፈሉትም ብዙ ጊዜ ጉድለት አይጠፋባቸውም።

ይህ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የአርባ ምንጭ የአዞ እርባታ፣ ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች ዳር የሚሰበሰቡ ዕንቁላሎችንና ጫጩቶችን በማሳደግ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ሥራ በመፈልፈያው ላይ የአንዲት ዲግሪ ስሕተት ለዓመታት የሚቆይ መዘዝ አላት፤ የመንጋውን የጾታ ሚዛን ታዛባለችና። አዞ ለአቅመ ማራባት እስኪደርስ ከአሥር ዓመት በላይ ሊወስድበት ስለሚችል ስሕተቱ የሚታወቀው ብዙ ዘግይቶ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው አሸዋ ውስጥም ቢሆን የዓለም አየር እየሞቀ ሲሄድ ይኸው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ በዚያ ግን የሚስተካከል ቴርሞስታት የለም።

የመሣሪያው ምርጫ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ቴርሞስታቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የሃሪሰንና የዩር ወራሽ የሆነው ከፋችና ዘጊ መሣሪያ ነው። በጥንድ ብረት ወይም በኤሌክትሮኒክስ ሊሠራ ይችላል፤ ሙቀቱ ከልኩ ሲያንስ ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ያበራል፤ ልኩ ሲሞላ ሙሉ በሙሉ ያጠፋል። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ጥገናውም ቀላል ነው። ከሥር ለሚነጠፍ የማሞቂያ ምንጣፍና ለሙቅ ውሃ ገንዳ ይስማማል። ጉድለቱ በማብሪያውና በማጥፊያው ነጥብ መካከል ልዩነት መኖሩ ነው። ልዩነቱ 2 ዲግሪ ከሆነ፣ በ30 የተስተካከለው መሣሪያ በ30 አጥፍቶ በ28 ያበራል፤ የጋለው ማሞቂያም ከጠፋ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሙቀት መስጠቱን ስለማያቆም የሣጥኑ ሙቀት ከ30 ሊያልፍ ይችላል። ለአዞ ዕንቁላል ይህ መዋዠቅ ብዙ ነው። ለአምፖል ማሞቂያም አይመችም፤ መብራቱ ቀኑን ሙሉ ሲበራና ሲጠፋ እንስሳውን ያስደነግጣል፤ አምፖሉም ቶሎ ይቃጠላል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪኩን ኃይል እንደ አስፈላጊነቱ የሚያበረታና የሚያደበዝዝ ነው። ይህ ዓይነት መሣሪያ የተስፋፋው በ1950ዎቹ መጨረሻ ከፍተኛ ኃይልን የሚቆጣጠሩ የሴሚኮንዳክተር ክፍሎች ከተገኙ በኋላ ነው። ሙቀቱ ወደ ልኩ በቀረበ ቁጥር ኃይሉን እየቀነሰ ስለሚሄድ መዋዠቁ ጥቂት ነው፤ ለአምፖልም የሚስማማው ይኸው ነው። ሦስተኛው ኃይሉን በአጫጭር ምት እየከፋፈለ የሚሰጥ ሲሆን ብርሃን ለማይሰጥ የሸክላ ማሞቂያ ይመረጣል።

ማንኛውም ዓይነት ቢመረጥ መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። የመሣሪያው የመገናኛ ነጥቦች ተጣብቀው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ማሞቂያው ያለማቋረጥ ይነዳል። ከላይ እንደተገለጸው ሙቀት ከብርድ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚገድል፣ ከዋናው ጋር በተከታታይ የተያያዘና ከእርሱ 2 ወይም 3 ዲግሪ ከፍ ብሎ የተስተካከለ ሁለተኛ መሣሪያ ማስገባት ትርፍ ወጪ ሊባል አይገባም። የማሞቂያውም ዋት ሣጥኑን በጣም በቀዘቀዘው ሌሊት ለማሞቅ ከሚበቃው ብዙም ያልበለጠ ይሁን። ኃይሉ ከመጠን ያላለፈ ማሞቂያ መሣሪያው ቢበላሽ እንኳ እንስሳውን ለመግደል ጊዜ ይወስድበታል።

አስተካከሉ

በማስተካከል ረገድ መጀመሪያ የሚወሰነው የቁጥሩ መጠን ሳይሆን የሙቀት ተቀባዩ ጫፍ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ጫፉ በማሞቂያው ላይ ከተለጠፈ ሣጥኑ ይቀዘቅዛል፤ በሩቁ ጥግ ከተቀመጠ ሞቃቱ ጥግ ይነዳል። ትክክለኛው ቦታ እንስሳው ፀሐይ እንደሚሞቅ ሁሉ መጥቶ የሚተኛበት ስፍራ፣ በጀርባው ከፍታ ልክ ነው። እንስሳው እንዳያነቃንቀው፣ ውሃም እንዳይደፋበት በሚገባ መታሰር አለበት። ከሥፍራው የተነቀለ ጫፍ በውጭው ብርድ ቢወድቅ መሣሪያው ማሞቂያውን ያለማቋረጥ እንዲያበራ ያዝዛልና።

ቀጥሎ ማሞቂያው በሣጥኑ አንድ ጎን ብቻ ይደረጋል፤ የወለሉም ስፋት ከሲሶው እስከ እኩሌታው ቢሞቅ ይበቃል። በዚህ ሁኔታ ሣጥኑ ከሞቃት ጥግ ወደ ቀዝቃዛ ጥግ የሚወርድ የሙቀት ተዳፋት ይኖረዋል። ይህም ከማጂ ወደ ኦሞ የሚወርደው ተዳፋት በአንድ ክንድ ርዝመት ተመጥኖ እንደ ቀረበ ያህል ነው። ቴርሞስታቱ የሚወስነው የሞቃቱን ጥግ ጣሪያ ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚወስነው እንስሳው ነው። በሁለቱም ጥጎች መደበቂያ ሊኖር ይገባል፤ አለዚያ ፈሪ እንስሳ ሙቀትን ትቶ መሸሸጊያን ይመርጣል።

ለደቡብ ምዕራብ ደጋ እንስሳ ሌሊቱ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሌሊትና ቀን በአንድ ልክ የሚያሞቅ መሣሪያ ከሰዓት መቆጣጠሪያ ጋር መያያዝ ይኖርበታል። በመሣሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ብቻውን አይታመንም፤ በሁለቱ ጥጎች የተለዩ ቴርሞሜትሮች ተቀምጠው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይነበባሉ፤ ንባቡም በመዝገብ ይሰፍራል። እንስሳው ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት ማኖሪያው ባዶውን ቢያንስ አንድ ሳምንት ሠርቶ መታየት አለበት። የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሚደጋገምበት አገር ደግሞ ሣጥኑን በእንጨትና በሙቀት አጋጅ ነገር አጥብቆ መሥራት መልካም ዘዴ ነው። በደንብ የተሠራ ሣጥን መብራት በጠፋበት ሰዓት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ነው የሚለቀው፤ ተሳቢም ቀስ ብሎ የሚመጣን ቅዝቃዜ ይችላል።

መደምደሚያ

የተሳቢዎች አያያዝ ለትርኢት ብቻ የሚያገለግል ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ለእንስሳት ማሳያ ባለሙያዎች መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን ከጀርባው ትልቅ የሰው ጉዳይ አለ። አልቤር ካልሜት በ1890ዎቹ የእባብ መርዝ መድኃኒት ካዘጋጀበት ጊዜ ጀምሮ፣ በብራዚል በ1901 ከተቋቋመው የቡታንታን ተቋም እስከ ዛሬዎቹ መድኃኒት አምራቾች ድረስ፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ከእባብ በሚታለብ መርዝ ነው። መርዝ የሚታለብ እባብ ደግሞ ጤነኛ፣ የሚበላና የማይጨነቅ መሆን አለበት፤ ያም በማኖሪያው ሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የእባብ ንድፍን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር አስገብቷል፤ በ2019 ባወጣው ዕቅድም በእባብ ንድፍ የሚደርሰውን ሞትና የአካል ጉዳት በ2030 በግማሽ ለመቀነስ አልሟል። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች እባቦች መርዝ የተዘጋጀ ነው። በባዶ እጁ ቡና የሚለቅመውና በባዶ እግሩ በደኑ የሚመላለሰው ገበሬ ግን የሚጋፈጠው የራሱን አገር እፉኝት ነው።

ወደፊት በአገር ውስጥ የእባብ መርዝ የሚታለብበትና የሚጠናበት ማዕከል የሚቋቋም ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራ የሚሆነው ሕንፃውን ማቆም ወይም ዕቃ መግዛት ሳይሆን የየእንስሳውን አገር ከፍታና አየር መመዝገብ ነው። የዱር እንስሳት ሠራተኛው፣ የቡና ልማቱ ባለሙያ፣ የእንስሳት ሐኪሙና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ለዚህ ሥራ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አንዱ እባቡ የት ቦታ፣ በየትኛው ወርና በስንት ሰዓት እንደታየ ይጽፋል፤ ሌላው በዚያ ቦታ የአፈሩን ሙቀት ይለካል፤ ሦስተኛው ሕመሙንና ምግቡን ይከታተላል፤ አራተኛው እነዚህን ቁጥሮች ወደ መሣሪያው ያስገባል። ቴርሞስታት የተሰጠውን ትእዛዝ ብቻ የሚፈጽም ታማኝ አገልጋይ ነው፤ ትእዛዙ ትክክል የሚሆነው አዛዡ እንስሳው የመጣበትን አገር ያወቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው።